በማህጁብ ወረቀት ላይ ያደረግኳት ኤክስ

አሶሳ፣ ሐምሌ 12

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የወገብሽ ሕመምስ ተሻለሽ? እዚህ ዝናቡ በርትቷል፤ ባጃጁ ሁሉ ጭቃ እየያዘው ሆስፒታል የምንገባው በእግራችን ነው። እኔ ጌታ ይመስገን ጤና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ደግሞ ለማንም አልነግርም።

የተግባር ልምምድ ላይ ነን። አስተማሪያችን ሲስተር ሸዋሉል ሁለት ሁለት አድርገው አጣምረውናል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ወረቀት ይዞ ያያል፤ የተሠራውን ራይት፣ የተዘለለውን ኤክስ ያደርጋል። እርስ በርስ ተማማሩ፣ ነገር ግን በውሸት የሞላ ሰው ልምምዱን ራሱ ይደግማል፣ ከጓደኞቹም ጋር አይመረቅም ብለውናል። የእኔ አጣማጅ ማህጁብ የሚባል፣ ከመንጌ ወረዳ የመጣ የበርታ ልጅ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁበት። ከክፍል አንደኛ የምወጣው እኔ፣ እሱን አናቶሚ ያስጠናሁት እኔ፤ ዎርድ ስንገባ ግን ሰው የሚጠራው እሱን ነው። የአገሩን ሰው ቋንቋ፣ በርታኛ ስለሚችል ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። እጁ ቀላል ነው፣ ደም ሥር በአንድ ጊዜ ያገኛል። አንድ ሽማግሌ ሙቀታቸውን ልለካ ስጠጋ፣ አንተ ተወው፣ ማህጁብ ይምጣ አሉኝ። ሙቀት ለመለካት እንኳ!

ማክሰኞ ዕለት ተቅማጥ ያደከማት ሕፃን መጣች። ማህጁብ ግሉኮስ ሊሰካላት ተዘጋጀ፣ እኔ ወረቀቱን ያዝኩ። የመጀመሪያዋ መስመር፣ ለቤተሰብ አስረድቶ ፈቃድ ጠይቋል ትላለች፤ እሷን የዘለለ ሌላውን ሁሉ ቢያሟላም ይወድቃል። ማህጁብ እናትየዋን ረጋ ብሎ በበርታኛ አናገራት። አንድም ቃል አልገባኝም። ግን እናትየዋ ፈገግ ብላ የልጅቷን እጅ ራሷ ስትዘረጋለት አይቻለሁ። አይቼ ነው ኤክስ ያደረግሁት።

ሲስተር ወረቀቱን አንብበው ትደግማለህ አሉት። ይከራከራል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ጉዲና ካለ ልክ ነው፣ በአማርኛ መናገር ነበረብኝ አለ። ከሰዓት በኋላ ዶርም መጥቶ አስተምረኝ አለኝ። አልጋው ላይ አስቀምጦኝ፣ ክንዴን ይዞ፣ እናቴ፣ አሁን ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ይጨርሳል፣ እሺ ካልክ ነው የምሠራው፣ እያለ ተለማመደብኝ። እኔም ካልክ ሳይሆን ካልሽ በል እንጂ እያልኩ አርመዋለሁ። አሳምሮ የሠራውን ነገር ከእኔ ሲማር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ተራው የእኔ ሆነ። አማርኛ ለማይሰሙ አንዲት እናት ባማረ አማርኛ አስረዳሁ፤ እሳቸውም ፈርተው እንደ እሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማህጁብ ራይት አላደረገም። አልገባትም፣ ድገም፣ እኔ እጠብቃለሁ አለኝና የምለውን በበርታኛ አንድ በአንድ አስያዘኝ። ስንተባተብ ሴትዮዋ ሳቁብኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ራይት ያደረገው ያኔ ነው። ይሄኔ ይብስ ቀናሁበት፤ በእጁ ሳይሆን በልቡ ቀናሁ። የዚያን ቀን ምሳም አልበላሁ።

ዛሬ ጠዋት የማክሰኞዋን ኤክስ ጉዳይ ይዤ ለብቻዬ ሲስተር ሸዋሉል ቢሮ ገብቼ ነበር። ስወጣ ማህጁብ በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊትህ ምን ሆነ አለኝ። ምንም አልኩት። ሲስተር እሱን ሲጠሩት እኔ ወደ ዎርድ ሄድኩ።

እማዬን ሳሚልኝ፣ ለጊዜው ግን ምንም አትንገሪያት። እታለም፣ ለምረቃዬ ብለሽ የያዝሽውን ጨርቅ ለሰፊ አትስጪው፣ ይቆይ። መንጌ ያለችው የማህጁብ እናት ግን ልብሷን ብታሰፋ ይሻላል፣ ቀኑ ደርሶባታል።

ጌታ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፤ ለእኔም ሰው ሲወደድ አብሬ ደስ የምሰኝበትን ልብ እንዲሰጠኝ ጸልዪልኝ።

አንቺን ማሳፈር የማይፈልገው ታናሽ ወንድምሽ ጉዲና