ቦራን ገብስ ያበላው ማነው?

ለማፈቅርህና ዓይኔ ለተራበህ ወንድሜ ለአንዱዓለም አገኘሁ
ጅግጅጋ

እንደምን ሰንብተሃል፣ ወንድም ዓለም? ጤናህስ? ሥራውስ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እህሉንስ ለመድከው ወይ? እኛ ስሙ ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደለን አንተ ብቻ ነህ። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደምታውቀው ነው።

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ስልኩ ሲጮህ አባዬ ከአጠገባችን አይርቁም፤ የምነግርህ ደግሞ ስለ እሳቸው ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤውን በሾፌር እጅ የላክሁልህ።

ፈረስህ ቦራ ደህና ነው፤ እንዳትደነግጥ። ባለፈው ክረምት ሆዱን ቆርጦት መሬት ላይ ሲንፈራገጥ የዋለ ዕለት አልቅሼ እንደነገርኩህ ታስታውሳለህ። አባዬ ጠበል ረጭተው፣ ልጓሙን ይዘው ሲያዞሩት ውለው በስንት መከራ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ቦራ ድርቆሹን ትንሽ ካስተረፈ ቤቱ ይሸበራል።

ጥር ላይ ዶክተር ጽጌሬዳ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ከጎንደር መጣችና ደባርቅ ላይ የአካባቢውን ፈረስና በቅሎ አሰብስባ ፋንድያቸውን ወሰደች። እውነቴን ነው፣ ፋንድያ! ትኩሱን በጓንት እያነሳች በትንንሽ ብልቃጥ ከተተችው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አባዬ ግን ቦራን አጥበው፣ ጋማውን አበጥረው ነበር ይዘውት የሄዱት። ፋንድያ ለመስጠትም ጋማ ይበጠራል እንዴ ብላቸው ተቆጡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረስ ሆድ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ ተሕዋስያን አሉ፤ ሣሩን የሚያብላሉለት እነሱ ናቸው። ማይክሮባዮም ይሉታል። የትኞቹ እንደበዙ፣ የትኞቹ እንዳነሱ ከፋንድያው ይታያል። ሐኪሟ እንደምትለው ምርመራው ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ ከአመጋገቡ ጋር ሲታይ ግን ፈረሱ ሳይታመም ለመጠንቀቅ ይረዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ውጤቱን ልትነግረን ቤታችን ድረስ መጣች። በቦራ ሆድ ሣር የሚያብላሉት ተመናምነዋል፣ እህል ሲበዛ የሚፈሉት ግን ሞልተዋል አለች። አሁን ደህና ቢመስልም ነገሩ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ይወስደዋል፤ ያ ቁርጠት ከተመለሰ ሁለተኛ ላይተርፍ ይችላል አለችን። ከዚያ ገብስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቀች።

አባዬ ቆፍጠን ብለው፣ በዚህ ቤት ፈረስ ከገለባና ከድርቆሽ በቀር እህል አይቀምስም አሉ። ዘንድሮ ገብሱ ስላነሰ አንድ እፍኝ እንዳይሰጠው የከለከሉን ራሳቸው ናቸው። እማዬ ወደ መሬት አየች። እኔም ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

መጀመሪያ የተናዘዘችው እማዬ ናት፤ ቀን ቀን አተላና የዳቦ ቁራሽ ትሰጠው ኖሯል። እኔም ውሃ ላጠጣው ስወስደው በነጠላዬ ጫፍ ገብስ እቋጥርለት እንደነበር ተናገርኩ። አባዬ ሊቆጡን ብድግ አሉ፤ ቁጣው ግን አፋቸው ላይ ቀረ። ለካ እሳቸውም ኪዳን ለማድረስ ሲወጡ የኮታቸውን ኪስ በገብስ ሞልተው በጋጣው በኩል ያልፋሉ! የንስሐ አባታችን አባ ሀብተ ሚካኤል ሳይቀሩ ከዝክር የተረፈ ዳቦ ያቀምሱት ነበር። እኛ ሁዳዴን ስንጾም እሱ ድግስ ላይ ከርሟል። በዚያ ላይ የልጄን ፈረስ አልጭንም እያሉ አባዬ ሥራ አስፈትተውታል።

ሐኪሟ ሳቋን መግታት አቃታት። ከሳቁ በኋላ ግን እየከለከሉ ለምን እንደሚያበሉት አባዬን ጠየቀቻቸው። የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ። ከዚያ፣ ልጄ ምን በልቶ እንደሚያድር አላውቅም፤ እጄ የሚደርሰው ፈረሱ ጋ ነው አሉ። እማዬ ፊቷን አዞረች። እኔም አለቀስኩ።

አንዱዓለም፣ በቦራ የምታዞረው ቱሪስት ጠፍቶ ሥራ ፍለጋ ስትሄድ ቢከለክሉህ እምቢ ስላልካቸው እንዳኮረፉህ ነው የምታስበው። ስልኩን ለእማዬ አቀብለው ዝም ሲሉ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አላኮረፉህም፣ ወንድሜ። ድምፅህን ለመስማት ነው እዚያው የሚቀመጡት።

አሁን እህሉን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየቀነስንለት ነው፤ ሐኪሟ እንዲያ ነው ያዘዘችን። ግጦሽ ላይ ይውላል፤ አባዬም ቀለል ያለ ጭነት ጭነውት ደባርቅ ገበያ ይወጣሉ። ከፋሲካ በኋላ ፋንድያው ዳግመኛ ይታያል። እስከዚያ እርስ በርሳችን እየተጠባበቅን ነው፤ እማዬ ወደ ጋጣው ጠጋ ስትል አባዬ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

እማዬ ጉንጭህን እያገላበጠች ስማሃለች፤ በደንብ ብላ ትልሃለች። አባ ሀብተ ሚካኤል እግዚአብሔር ይፍታህ ብለውሃል፤ የዳቦውን ነገር እንዳልነግርህ ለምነውኝ ነበር። አባዬ ስጽፍ ደርሰውብኝ ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ላንተ ነው አልኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ሲያስቡ ቆዩና፣ ለፋሲካ ይምጣ በይው አሉ። ብዕሬን ሳነሳ ተመልሰው መጡ፤ እናቴ ናት ያለችው እንዳይል፣ እኔ አባቱ ነኝ ያልኩት ብለሽ ጻፊ አሉኝ።

እህትህ እስከዳር
ዳባት፣ መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.