ከቡፌው የጎደሉት

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5። ከቀኑ 9፡00

ዛሬም ታምራት መጥቷል። ሳሎኑ የነሱ ነው። እኔ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ።

አሸናፊ (ባሌ ነው፤ ከዚህ በኋላ አ. ብቻ እለዋለሁ፣ ቀለም አላባክንለትም) ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጦ ጆይስቲክ ይጨፈልቃል። ታምራት፣ የልጅነት ጓደኛው፣ አጠገቡ። ሁለት ጎልማሶች፣ አንዱ ራሰ በራ። ቴሌቪዥኑ ላይ ባለ ሰይፍ ሰውዬ ግንብ ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል፣ እንደገና ይወጣል። ልጅ ሆነው ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት የተጫወቱት ያው ጨዋታ። የግንቡን ጫፍ እስከ ዛሬ አላዩትም። ወይ ይሞታሉ፣ ወይ መብራት ይጠፋል።

ከጨዋታው በኋላ ካሴት። የፈረንጅ ጩኸት፤ ዲላ ውስጥ ከነሱ በቀር የሚሰማው የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ይዘፍናሉ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ከሚሉት አንዱም ቃል አይደለም።

የሰርጌ ብርጭቆዎች በካርቶን ታሽገው አልጋ ሥር ናቸው። ቡፌው ውስጥ፣ በነሱ ቦታ፣ ዘንዶ፣ ድንክ፣ ጠንቋይ፣ ባለ ቀንድ ፈረስ። ጣት ጣት የሚያካክሉ ፕላስቲኮች። ከልባሽ ተራ ለቃቅመው ጀመሩት፤ አሁን አ. በቴሌግራም ከአዲስ አበባ ያስመጣል። አባቴ ሲሞት አላለቀሰም። ባለፈው ወር የዘንዶው ክንፍ ሲሰበር ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። አየሁት። ትንፋሹን ይዞ ሲያጣብቀውም አየሁት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7። ጧት

አ. ለሥራ ሬኮ ወርዷል። የቀይ ቡና ወቅት ነው፤ መፈልፈያው ጋ ያድራል።

ቡፌውን ከፈትኩ። ድንኩን አወጣሁ። ሽንት ቤት ጉድጓድ። ሲያርፍ ድምፁ እንኳ አልተሰማም።

ት/ቤት ሁሉ ሳቅሽ ከየት መጣ አሉኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10። ማታ

ትናንት ገባ። ጉንፋን ጥሎኛል፤ ምን ሆንሽ አላለም። ጫማውን ሳያወልቅ ቡፌው ፊት ቆመ። ከዚያ ፍለጋ። ሶፋ ሥር፣ መጋረጃ ሥር፣ የጫማ ሣጥን ውስጥ። አብሬው ፈለግሁ! በሆዴ ተኝቼ በስልኬ መብራት አበራሁለት። አመሰገነኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየ። ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ካየኝ?

ስለዚህ ዛሬ ጠንቋይዋን ወሰድኩ። አራተኛ ክፍል ውስጥ ቤዛ የምትባል ልጅ ደህና አድርጋ አነበበች፤ ሸለምኳት። ክፍሉ አጨበጨበ።

ማታ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እንዳያመልጠኝ ራት ማቅረቤን አቆየሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12። 10፡30

ደብተሬ፣ ቸኩዬ ነው የምጽፍብሽ፤ ፊደሌ ካልተነበበልሽ ይቅርታ።

ታምራት እንደወትሮው ገባ፣ ካሴቱን አስገባ፣ ቁጭ አለ። አ. አልተቀመጠም። መጀመሪያ በቀስታ፣ ለማየት ወስደህ ይሆን ብሎ ጠየቀው። ታምራት ሳቀ። ቀልድ መሰለው። ልጅ ሳሉ በአንድ ሳንቲም የተጫወቱ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ የሰሙ ናቸውና ለምን አይስቅ። አ. አልሳቀም።

"ኪስህን አሳየኝ" አለው።

ታምራት ተነሳ። የግራውን ገለበጠ፣ የቀኙን ገለበጠ። ብሎን፣ ትንሽ ብሎን መፍቻ፣ መሐረብ። ሬዲዮና ስፒከር ጠጋኝ ነው፤ ሌላ ምን ይኖረዋል? አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የጃኬቱንም የውስጥ ኪስ ሳይባል ገለበጠ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ስኳሩን ማማሰል ጀመርኩ።

መሐረቡን መልሶ ወጣ። ካሴቱን ረሳው። እስኪያልቅ ሲጮህ ቆየ፤ ያጠፋው የለም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

እሑድ የኔ ሆነች ብዬ ነበር። ዶሮ ሠራሁ። ፀጉሬን ተሠራሁ። አ. ስልኩን እያየ በላ። ጌሙን አላበራም። ካሴት የለም። ሁለታችን ብቻ፣ ቤቱ ጭር። ይኸው፣ የፈለግሽውን አገኘሽ፣ በይኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16። ከት/ቤት መልስ

ታምራት ት/ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

የቤዛ አባት ስፒከር ሊያሠራ ሱቁ ወስዷታል። ጠንቋይዋ በእጇ። ከየት አመጣሽ ሲላት ቲቸር ሰጠችኝ ብላዋለች። በቃ።

እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። መንገድ ሙሉ ሰው ነበር፤ ይስማ አልኩ። እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው፤ ሲከፋው አማርኛው ወንድና ሴት ይምታታበታል።

"ሰኒ፣ እሱ ያለው አንድ ቤት ነው። ጓደኛዬ ሌባ ነው ቢል ይሻለዋል፣ ሚስቴ ናት ከሚል። እኔ እችለዋለሁ። አደራ፣ ዘንዶዋን ግን አትንካው። ክንፏ ገና አልጠነከረችም።"

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተሰናበተኝ። እንደ ለቀስተኛ።

ማን ይቅር በለኝ አለው? ሌባ ተብሎ ኪሱ የተበረበረ ሰው ለኔ ያዝናል! ባጃጅ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ገባሁ። ጠላሁት። ከዘንዶውም፣ ከግንቡም፣ ከአ. ም በላይ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18። ከምሳ በኋላ

ነገርኩት። የታምራትን ውለታ ተሸክሜ ሌላ ሌሊት ማደር አቃተኝ። ድንኩንም፣ ጠንቋይዋንም፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አ. ጉርሻውን አላቆመም።

"አውቃለሁ" አለ።

ከመቼ ጀምሮ? ከመጀመሪያው፤ ሶፋ ሥር የፈለገው ለይምሰል ነው። ቡፌው ይቆለፋል፤ ቁልፉ ያለው እኔና እሱ ጋ ብቻ ነው። ታምራት በእጁ ነክቶት አያውቅም።

ታዲያ ኪሱን ለምን አስገለበጥከው አልኩት። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ውኃ ጠጣ።

"ካንቺ ጋር ተጣልቼ የት እገባለሁ? ከሱ ጋር መጣላት ይቀላል። ደግሞ በየሳምንቱ መምጣቱ ሰልችቶኝ ነበር። ምክንያት አጥቼ ነው። ሰጠሽኝ።"

ከዚያ ሚጥሚጣ አቀብይኝ አለ። አቀበልኩት!

ስንት ዓመት አብሬው ተኛሁ። ፈሪ ነው እል ነበር፣ ልጅ ነው እል ነበር። ይህን ግን አላውቀውም። የሚያስፈራው ደግሞ ሲናገር እኔን እኔን መሸተቱ ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19። 9፡00

አ. ተኝቷል። ያንኮራፋል። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። በሩን የሚያንኳኳ የለም።

ስለ ታምራት አስባለሁ። ትናንት ከሰዓት ገበያ ስሄድ በሱቁ አለፍኩ። ስፒከር ከፍቶ ጎንበስ ብሏል፣ ያንኑ ጩኸት ለብቻው እየሰማ። ፊቱ የተከዘ ነው ግን ሰላም አለው። ጓደኛው ተሳስቶ ሌባ እንዳለው ያምናል። ስሙን ሰጥቶ ትዳር እንዳቆመ ያምናል። አንገቱን ቀና ያደረገው ይኼ ነው። ሌላ የለውም።

ነገ ከት/ቤት መልስ እሄዳለሁ። ኪስህን አሳየኝ ሲልህ እንዳልወሰድክ ያውቅ ነበር እለዋለሁ። ሰልችተኸው ነበር እለዋለሁ። የእሑዶቹን ነገር ሁሉ።

ጧት ለራሴ እውነቱን ማወቅ ይገባዋል ስል ነበር። ሰበብ ነው። ላንቺ አልዋሽም፤ ላንቺም ከዋሸሁ የምነግረው አጣለሁ።

ሲሰማ ፊቱን ማየት ፈልጌ ነው።