ሞጣ የቀረው ቅጽ

አያሌው ሆዴ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ ግን ልቆጣህ።

መምህር ሆነህ ሞጣ ስትቀጠር የሞላኸው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ «ያላገባ» ይላል። እኔን አግብተህ ቢቸና ተዛውረህ ሁለት ልጅ ወለድን፤ ቅጹ ግን እንደ ጎረምሳ ቆጥሮህ እዚያው ቀረ። ጎረቤታችን ባሏ ሞቶ በእንዲህ ያለው ቅጽ ሰበብ ጡረታውን ተከልክላ ስትንከራተት ባይ ደነገጥሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁት ሴት የጡረታ መመሪያ ለምኜ፣ ያልገባኝን እየዞርሁ እየጠየቅሁ ተማርሁት። አንተ ሳቅህብኝ። በጎልማሳነቴ እርጅና አትጥሪብኝ አልኸኝ።

ያን ማክሰኞ መመሪያውን ፊትህ ላይ ወረወርሁት። ሞጣ ሄደህ ካላስተካከልህ ቤት እንዳትመለስ አልሁህ። የሰርጋችንን ውል ከሳጥን አውጥተህ ደረት ኪስህ ከተትህ፤ ቁርስህን ትተህ፣ በሩን አላትመህ ወጣህ። የተሳፈርህበት መኪና መንገድ ላይ በጥይት ተበሳሳ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። በሸራ ጠቅልለው አመጡህ። አትመለስ ባለው አፌ ጮህሁ፤ ፊቴን ቦጫጭሬ ደም በደም ሆንሁ።

ከአርባህ በኋላ ጡረታ ጽሕፈት ቤት ብሄድ፣ ሰውየው ሚስት የለውም አሉኝ። በደምህ የደረቀውን ውል ዘረጋሁላቸው፤ አይነበብም አሉ። ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታው መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ እጄም ተተለተለ። ጠባሳው አሁንም አለ።

እናም በዚያው መንገድ ሞጣ ሄድሁ። የወደቅህበት ቦታ ስንደርስ ከንፈሬን ነክሼ አደማሁት። ሚዜህና ሁለት ሽማግሌዎች ፍርድ ቤት ቀርበው መጋባታችንን መሰከሩልኝ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «ያላገባ» የሚለውን በቀይ ሰርዛ «ያገባ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ እዚያው መስመር ላይ «ሟች» የሚለውን ጨመረች።

ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ደብተራቸው የሚገዛው በጡረታህ ነው። ትልቁ ሲቆጣ ቁርጥ አንተን ነው። እኔ ደግሞ ባልደረቦችህን ቅጻችሁን አሳድሱ እያልሁ አስቸግራለሁ፤ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ሚስቶቻቸውን ግን ቤታችን ሰብስቤ የማውቀውን ሁሉ አስተምራቸዋለሁ። ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ ባሎቻችሁን ሳታበሉ እንዳትሰዱ እላቸዋለሁ። ለምን እንደምል አይጠይቁኝም።

አያሌው፣ እስክከተልህ ድረስ አልረሳህም። ማክሰኞ ማክሰኞ ቁርስህን አቀርባለሁ። ያን ቃሌን አንስቼዋለሁ፤ ቤትህ ነው፣ ተመለስ።