የጉልበቴ ሁዳዴ

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017

ብርዱ ዛሬም አልለቀቀም። ደብረ ብርሃንን መቼ ለቆ ያውቃል! ከአልጋ ለመውረድ መጀመሪያ ራስጌውን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ በመጨረሻ ጥሩዬን ያዝኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስፖርት ያስተማረ ሰው ሚስቱን ተደግፎ ካልሲ ያጠልቃል...

ጥሩዬ ቅልጥም ቀቅላ አቀረበችልኝ። "ጠጣ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጾም ነው፣ አታገኘውም።" መቅኒው አጥንት ያጠነክራል ትላለች። ሦስት ሳህን ጠጣሁ። ሆዴ አመሰገነ። ጉልበቴ ምንም አላለም።

መዳን የምፈልገው ለአንድ ቀን ነው። ለስቅለት። አምና ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ሥር ወንበር ላይ ነበርኩ። በመጨረሻ አባ ዘርአ ዳዊት ወይራቸውን ይዘው የሁሉንም ጀርባ እየጠበጠቡ "አንተ ሠላሳ፣ አንቺ ሃምሳ" እያሉ ስግደት ሲሰጡ፣ እኔ ጋ ደረሱና ትከሻዬን ዳሰስ አድርገው "አንተ ተቀመጥ፣ ይበቃሃል" ብለው አለፉ። የንስሐ አባቴ ናቸው እኮ! ኃጢአቴም ጡረታ ወጣ እንዴ?

ጎረቤታችን ጋሽ ወልደኪዳን በሰባ ስድስት ዓመታቸው ሃምሳቸውን ሰግደው፣ ላባቸውን እየጠረጉ መጡ። "መምህር፣ ወንበሩ ተመቸህ?" ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ፌጦ። ጥሩዬ ወቅጣ፣ በውሃ ለውሳ ጉልበቴ ላይ ለጠፈችው። "ሲሞቅህ ቶሎ ታጠበው" ብላ ለቅሶ ቤት ሄደች። ሞቀኝ። ደስ አለኝ። ትንሹ እንዲህ ካደረገ ብዙውስ? በጨርቅ ጠቅልዬ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ውሃ ቋጠረ። ሁለቱም ጉልበት።

"አንተ ሰውዬ፣ ጥብስ ነው ያማረህ? ያውም በጾም!" አለች ጥሩዬ። 

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ቁስሉ ደረቀ። ጥሩዬ የተነጠረ ቅቤ ይሻላል ትላለች፤ ግን አትቀባኝም። "ሽታው ከእጄ አይለቅም። ሳልበላው ልፈስክ?" አባ ዘርአ ዳዊትን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። "ጉልበትህ አፍ የለው፣ ምን ቸገረህ፣ ተቀባ" አሉኝ። ሮጬ... ሮጬ እንኳን አይደለም፣ እያነከስኩ ገባሁና ነገርኳት።

"አባ ወጥ አይሠሩ!" አለችኝ። በዚያው ተዘጋ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ገበያ ወጣን። ሀፊዛ ጋ። የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ ቅመምና ዘይት ትሸጣለች። ገና ሳታየኝ አነካከሴን ሰምታ ይሁን እንጃ፣ ወንበር አቀረበችልኝ። ደግሞ ወንበር!

"የሰሊጥ ዘይቱን ከነጭ ሽንኩርት ጋር በለስላሳ እሳት ያሙቁት፣ መምህር። ይታሹበት። ግን ታሽተው እንዳይተኙ! እናቴን ዓመት ሙሉ አሽተናታል። የተራመደችው ግን ፍየሎቼን ማን ያያቸዋል ብላ የተነሳች ቀን ነው። ዘይቱ ያፍታታል እንጂ አይራመድልዎትም። አላህ ያሽርዎት።"

አምና ሐኪሙም ይህንኑ ነበር ያለኝ። "እሺ" ብዬ ወጥቼ ተኛሁ። "ሰውነታችሁን አፍታቱ!" እያልኩ ስንቱን ልጅ ሳስጮህ የኖርኩ ሰው... ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለእኔ ፊሽካ የነፋልኝ ማን ነው?

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ፊሽካዬን ከሳጥን አውጥቼ ለጥሩዬ ሰጠኋት። መጀመሪያ ትኩስ ጨው በጨርቅ ቋጥራ ጉልበቴ ላይ አደረገችልኝ፣ ከዚያ ዘይቱ። ከዚያ ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ። አምስት ጊዜ። ስድስተኛው ላይ ተሳደብኩ። ነፋችብኝ። ሥልጣኑ ተመችቷታል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

አሥራ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ካልሲዬን ራሴ አጠለቅኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ብርድ ልብስ አጥፌ መሬት ላይ ዘረጋሁ። ተንበረከክሁ። ግንባሬ ወለል ነካ! መነሳቱ ግን... የለም። ጥሩዬ ልታነሳኝ ስትመጣ "ተዪኝ!" ብዬ ጮህኩባት። እዚያው ተደፍቼ ቆየሁ። ፈራሁ። እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው? በኋላ የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ተነሳሁ። ጥሩዬ ፊሽካውን አልነፋችም፤ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ጠረግኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ሰባት ስግደት፣ ምንም ሳልይዝ! ጋሽ ወልደኪዳን በአጥር በኩል "የምን ፊሽካ ነው?" አሉ።

"ልምምድ ነው።"

"ለየትኛው ውድድር?"

ሳል ያዘኝ ብዬ ገባሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10፤ ስቅለት

አርባ አንድ!!! ነገ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ወንበሩ ግድግዳው ሥር ነበር፣ እንደ አምናው። አይቼ አለፍኩት። ቀን ላይ ቀስ እያልኩ ሰገድኩ፤ ሲደክመኝ ቆምኩ እንጂ አልተቀመጥኩም።

አባ ወይራውን ይዘው ደረሱ። አዩኝና እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይሁኔ፣ አንተ..."

"አባ፣ እንደ ሰው ይቅጡኝ" አልኳቸው።

ጉልበቴን አዩ። ፊቴን አዩ። ከዚያ ወይራው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ምንም አልራሩልኝ! "አርባ አንድ!" በሕይወቴ እንዲህ የሚያስደስት ቅጣት ተቀጥቼ አላውቅም።

ሠላሳ ሦስት ላይ ቀኙ ጉልበቴ እምቢ አለ። በሁለት እጄ መሬቱን ይዤ ቀረሁ። አጠገቤ ድምፅ ሰማሁ፦ "ሠላሳ አራት ነው፣ መምህር። ተነስ፣ እቆጥርልሃለሁ።" ጋሽ ወልደኪዳን። የራሳቸውን ጨርሰው መጥተው። ተነሳሁ። አርባ አንድ ላይ አቅፈው ጉንጬን ሳሙኝ፣ ከዚያ እየተነፈሱ ሄደው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። ግን እንዴት እላለሁ? እንዲህ ቆጥረውልኝ? አላልኩም።

እሺ... አልኩ። "ጋሽ ወልደኪዳን፣ ወንበሩ ተመቸዎት?" እስኪያስላቸው ሳቁ።

ዛሬ ጭኔን ያመኛል። ጉልበቴን ግን አይደለም፣ ጡንቻዬን ነው! ይህን ሕመም አውቀዋለሁ፤ ስንቱን ተማሪ "አይዞህ፣ ሠርተህ ነው" ያልኩበት ነው።

የተኛችው ጥሩዬ ናት። ትናንት ስድሳ ሰጥተዋታል። ስድሳ! ምን ሠርታ ነው? ብጠይቃት "አንተን በፊሽካ ያለማመድኩበት ነው" አለችኝ። ጉልበቷ አብጧል። ከአልጋ ስትወርድ ግድግዳውን ያዘች፣ ቀጥሎ እኔን።

ዘይቱን አሙቄ አሸሁላት። ቅቤው ከነገ ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን እሷም ልምምድ አላት፤ አልምራትም። ፊሽካው ኪሴ ውስጥ ነው።