ሐረጎ ላይ የሚዘረጉት እጅ

አሰላሙ ዓለይኩም አባየ፣

ከተለዩን ሁለተኛው ረመዳን መጣ። ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። ጣሪያው ተቀይሯል፣ ባጃጅ በራችን ድረስ ይመጣል፣ እማየም ሞባይል ይዛ ከእህቶቿ ጋር ስታወራ ትውላለች። መስገጃዎን ግን ከቦታው ያነሳው የለም። እኔም ያው ነኝ፤ ዓመተ ምሕረት ካልተነገራት እንቅልፍ የማይወስዳት የታሪክ አስተማሪ ልጅዎ።

ባረፉበት ክረምት ደብተር ይዤ አጠገብዎ ቁጭ አልኩና ሕይወትዎን ከልደትዎ ጀምረው እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። እርስዎ ከልደት የሚጀምሩ ሰው አይደሉም። የጭነት መኪና ረዳት ሳሉ የከሰዓቱን የአስር ሶላት ለመስገድ ኮምቦልቻ ላይ ወረዱ፤ ሾፌሩ ጓደኛዎ ሰይድ ቸኩሎ ቀድሞዎት ወጣ፤ ሐረጎ ዳገት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜ አላህ የጨመረልኝ ነው ይሉ ነበር። በእርስዎ አቆጣጠር እማየን ያገቡት ከዚያ አስር ሶላት በፊት ነው፣ እኔ የተወለድኩት ከዚያ ሶላት በኋላ። ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብዬ ድርቅ ስል፣ አንቺ ቀበሌ ነሽ እንዴ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። አላህ እርስዎን ካተረፈ ሰይድን ለምን ተወው አልኩዎት። ብልጠት መስሎኝ ነበር። ጋቢዎን ሰብሰብ አድርገው ውዱዕ ሊያደርጉ ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ደብተሩን ባመጣሁ ቁጥር ደክሞኛል አሉኝ። እኔም እርጅና ነው ብዬ ተውኩዎት፤ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ባለፈው ሳምንት ከእማየ ጋር ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንመለስ፣ ሐረጎ ላይ እርስዎ ሁልጊዜ ያደርጉት እንደነበረው እጇን ለዱዓ ዘረጋች። እኔ ልጅ ሆኜ ከጎንዎ ተቀምጬ ሳይዎት፣ ስለ መትረፍዎ የሚያመሰግኑ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለሰይድ ነበር የሚለምኑት። በእኔ ፈንታ ለምን እሱ እያሉ ብዙ ዓመት እንደተብሰለሰሉ፣ መልሱን ቢያጡ ዱዓውን እንደያዙ እማየ ነገረችኝ።

አባየ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የተሸከሙትን ጥያቄ፣ እኔ ገና ያገኘሁት አስመስዬ ፊትዎ ላይ ወረወርኩት። ለእርስዎ ያ ሶላት የመትረፍ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ሰይድም እዚያው ውስጥ ነበር። ዝም ብዬ ብሰማዎት ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። አፉ ይበሉኝ።

ደብተሩ ላይ በግምት የሞነጫጨርኳቸውን ዓመተ ምሕረቶች ሰርዣለሁ። ከአስር ሶላቱ በፊት፣ ከአስር ሶላቱ በኋላ ብዬ ከአፍዎ እንደሰማሁት ጻፍኩት። በሐረጎ ባለፍኩ ቁጥርም እጄን እዘረጋለሁ። መጀመሪያ ሰይድን እጠራለሁ፣ ቀጥዬ እርስዎን። እርስዎ ቢሆኑ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

ልጅዎ ዘሀራ