«ሳል» ተብሎ ስለተጻፈው የነብር ድምፅ

ለዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የካቲት 14

ጉዳዩ፦ የቃለ መጠይቄ የድምፅ ቅጂ እንዳይሰረዝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በዚሁ ጽሕፈት ቤት ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት በጥበቃ ሠራተኛነት አገልግዬ በጡረታ የተሰናበትሁ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ የሙያውን ታሪክ ከአንጋፋ ሠራተኞች አንደበት ለመሰብሰብ ባወጣው ዕቅድ መሠረት ባለፈው ዓመት ተጠርቼ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መጋዘኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለት ቀን ሙሉ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ጠያቂዋ ባለሙያ ጎበዝ ናት፤ ዝም ማለት ሲገባት ዝም ትላለች። እሷን አልከስም።

2. ባለሙያዋ ነብር መቅረቡን በምን ታውቁ እንደነበር ስትጠይቀኝ በወሬ አልመለስሁላትም፤ መጀመሪያ መጋዝ እንጨት ላይ ሲሄድ የሚመስለውን የራሱን የነብሩን ድምፅ፣ ቀጥሎ የጦጣዎቹን ጩኸት በገዛ አፌ አስመስዬ አሰማኋት። ጦጣ ነብር ስታይ የምትጮኸው አንድ ነው፣ ንስር ስታይ ሌላ፣ ያደፈጠ ሰው ስታይ ደግሞ ሌላ። ይህን ያስተማረኝ አለቃዬ ሞቷል። በዚሁ ጩኸት ነቅተን እኔና ባልደረባዬ መሬት ላይ ስንደፋ የአዳኝ ጥይት ከላያችን አልፏል፤ ባልደረባዬም ዛሬ በሕይወት የለም።

3. ከአራት ወር በፊት በሕመም ምክንያት ማንቁርቴ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለኝም።

4. ሰሞኑን ወደ ጽሑፍ የተገለበጠው ቃሌ እንድፈርምበት ተላከልኝ። ጦጣዎቹ ያሉበት ቦታ ሁሉ «አይሰማም» ተብሎ ታልፏል። የነብሩን ድምፅ ጸሐፊው «ሳል» ብሎታል። አሥራ አንድ ቦታ! ክቡር ሆይ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ነብር አላጋጠመኝም። አብሮ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ኮምፒውተሩ ስለሞላ የድምፅ ቅጂዎቹ በወሩ መጨረሻ እንደሚሰረዙ ይገልጻል።

በማግሥቱ ከባለቤቴ ጋር ወደ መዝገብ ክፍል ኃላፊው ሄድሁ። ጉዳዬን በደብተር ጽፌ ባቀርብ «ለማንበብ ጊዜ የለኝም፣ በቃል ያስረዱ» አሉኝ። ባለቤቴ ልታስረዳ ብትጀምር «ባለጉዳዩ ራሳቸው ይናገሩ» አሏት። አንገቴ ላይ ያለውን ቀዳዳ ባሳያቸው «አባባ፣ ቅር ካለዎት እንደገና መጥተው ይቀረጹ!» ብለው ጆሮዬ ሥር ጮኹብኝ። እኔ ያቃተኝ መናገር እንጂ መስማት አይደለም። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ታሪክን ከአንደበት እሰበስባለሁ ያለ መሥሪያ ቤት የቀረችኝን አንደበት በገዛ እጁ ሊያጠፋ ተነሥቷል፤ ያናድዳል፣ ያሳፍራልም።

ስለዚህ ስረዛው ዛሬውኑ በጽሑፍ እንዲታገድልኝ፣ ጠያቂዋ ባለችበት ቅጂውን እያዳመጥሁ ስሕተቱን በእጄ እንዳርም እንዲፈቀድልኝ፣ ድምፁም ለአዲስ የጥበቃ ሠልጣኞች እንዲሰማ እጠይቃለሁ። አንድ ቅጂ ለባለቤቴም ይሰጥልኝ። ምክንያቱን እዚህ አልጽፍም።

ይህ እስኪፈጸም ጽሑፉ ላይ አልፈርምም። ተጨማሪ የቃል ማብራሪያ እንድሰጥ ካስፈለገ ቅጂውን ያስከፍቱት፤ ከእንግዲህ የምናገረው እዚያ ብቻ ነው።

ቅሬታዬ እንዳለ ሆኖ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀድሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ