ከኬብሉ ጋር የቀረ ልጅ

አውሮራ፣ ኦክቶበር 2009

ውድ ወንድሜ ጣሰው፣

ስልክ አላነሳ ስላልክ ነው የምጽፍልህ። «ውድ» ያልኩህም የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ እንጂ የሰሞኑ ሥራህስ ያቅለሸልሻል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከኮሜርስ ሲቲ ድረስ አባባን ልትጠይቅ ስትመጣ ስንት ሰው መርቆሃል! ጎረቤታችን አያልነሽ «ልጅ ማለት እንደ ጣሰው ነው» እያለች የራሷን ልጆች ታሸማቅቅ ነበር። እኔም ሞኟ ኮራሁብህ። ከአባባ ጎን ሶፋው ላይ ተዘርፍጠህ የእንግሊዝን ኳስ ስታይ፣ ቁርስህን በትሪ አቀርብልህ ነበር።

ኦገስት ላይ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆሙ፣ የሥራ ሰዓቴን ሲቀንስብኝ በየወሩ የምንከፍልበትን የቴሌቪዥን ኬብል አስቆረጥኩና አንቴና ገዝቼ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። በነጻ ነው፤ የጣቢያዎቹ ማሰራጫ ወዳለበት ተራራ ካዞሩት ዜናውም ፊልሙም ጥርት ብሎ ይመጣል። አባባ እንኳ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን አስከፈለን?» ብለው ሳቁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መጣህ። ሪሞቱን አንስተህ ቻናሉን አመላለስከው።

«ኳሱስ?»

«ኬብሉን አስቆርጬዋለሁ። በአንቴና ያንተ ኳስ የለም።»

«አንቴና? በዚህ ዘመን?» አልክና ጃኬትህን እንኳ ሳታወልቅ ተነሳህ። «መኪናዬን በደንብ ፓርክ አላደረግኩም መሰለኝ፣ ልየው።»

ያቀረብኩልህ እንቁላል ቀዝቅዞ ደፋሁት። መኪናህን ልታይ እንደወጣህ ይኸው ኦክቶበር ገባ!

ቅዳሜን ሴንቴኒያል፣ ጓደኛህ ውድነህ ቤት እንደምትውል ሰምቻለሁ። እዚያ አባትህ የሉም፤ ኬብል ግን አለ። ቱ! ሰው እንዴት አባቱን በኳስ ይለውጣል?

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ አንቴናውን ይዘው መስኮቱ ሥር ቆመዋል። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዞሩታል።

«ምን እያደረጉ ነው አባባ? ይወድቃሉ እኮ!»

«ኳሱን እየፈለግኩ ነው። ካገኘሁት ደውለሽ ትነግሪዋለሽ።»

ነደደኝ። «አባባ፣ እርስዎን ብሎ እኮ አልነበረም የሚመጣው! ኳሱን ብሎ ነው!» አልኳቸው። ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ።

እሳቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። አንቴናውን ማዞራቸውን ቀጠሉ።

«ኳሱን ብሎ እንደሚመጣ አጥቼው ነው?» አሉ። «ግን ይመጣ ነበር።»

ለኬብሉ መክፈያ ሌክውድ ሌላ ሥራ ደርቤ ይዣለሁ። ኬብሉን ሐሙስ መጥተው ይቀጥሉታል። ቅዳሜ ና። ከጎናቸው ተቀመጥ፣ ኳስህን እይ፣ ቁርስህንም አቀርብልሃለሁ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ እኔ አንተን ማየት አስጠልቶኛል።

ብቻ መኪናህን አስቀድመህ በደንብ ፓርክ አድርገህ ግባ።

እህትህ
የምሥራች